ሞቲፍ አገኘን ከማለታችን በፊት

አዳማ ላይ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለሰብል ማሻሻያ ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መግቢያ አላበዛም።

አዳማ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬን ስለ ዝናብ ጠይቁት። የሚያሳስበው አገባቡ ብቻ አይደለም፤ አወጣጡም ጭምር ነው። ክረምቱ ሐምሌ ላይ ደህና ገብቶ፣ ነሐሴን አዝልቆ፣ ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ጥሎት ይሄዳል። ያኔ አንዱ ማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል። ሌላው ደግሞ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ፍሬውን ይሞላል። በዓለም ላይ ድርቅን የሚያጠኑ የማሽላ ተመራማሪዎች አብዝተው የሠሩበት ቢ35 የሚባል ዘር አለ። ቢቲኤክስ642ም ይሉታል። ቅጠሉ ሳይደርቅ በመቆየቱ ነው የታወቀው። ምንጩ የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ይህን የምላችሁ በኩራት ብቻ አይደለም። ዛሬ የምናወራው፣ የጂን መቀስቀሻ የሆኑ አጫጭር የዲኤንኤ ምልክቶችን በኮምፒውተር የመፈለግ ሥራ ከዚህ አፈርና ከዚህ ዘር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ነው።

ሁለት ተክሎች አንድ ዓይነት ጂን ሊኖራቸው ይችላል። የሚሠራው ፕሮቲን በሁለቱም አንድ ሆኖ፣ አንዱ ተክል ውሃ ሲጠማው ጂኑን ቶሎ ይቀሰቅሰዋል፤ ሌላው ይዘገያል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከጂኑ ፊት ለፊት፣ ፕሮሞተር በምንለው ክፍል ነው። ዲኤንኤ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ በምንላቸው አራት ፊደሎች የተጻፈ ነው። እዚያ ውስጥ ከ6 እስከ 12 ፊደል የሚሆኑ አጫጭር የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች አሉ። ጂን የሚቀሰቅሱና የሚገቱ ፕሮቲኖች የሚይዙት እነሱን ነው። ሞቲፍ የምንለው ይህንኑ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሩዝ ሲለመድ ፍሬው ከዘለላው መርገፉን ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ በአንዲት ፊደል መለወጥ የመጣ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2006 ይህን ሲያሳዩ ፊደሏ የተገኘችው ጂኑ ውስጥ አልነበረም። ከጂኑ 12 ሺህ ፊደል ያህል ርቃ፣ ተቆጣጣሪው ክፍል ላይ ነበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በቆሎም እንዲሁ ነው። ቅርንጫፍ ከሚያበዛው የዱር ዘመዱ የለየው አንዱ ለውጥ ከጂኑ 60 ሺህ ፊደል ያህል ርቆ የገባ ተዘዋዋሪ የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ማለትም በጂኖም ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዛወር ቁራጭ ነው። ጂኑን አልቀየረውም። የሚሠራበትን መጠን ጨመረው እንጂ። እነዚህን ሁለቱን ርቀቶች ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሞቲፍ እንዴት እንደታወቀ ላሳያችሁ። የምንጠቀምባቸው ዳታቤዞች ውስጥ ያለው መረጃ በብዙ ድካም የመጣ ነው። ይህን ካላወቅን ዋጋው አይገባንም።

አራቢዶፕሲስ በምትባለው ትንሽ ተክል ውስጥ አርዲ29ኤ የሚባል ጂን አለ። ተክሏ ስትደርቅ፣ ብርድ ሲመታት ወይም ጨው ሲበዛባት ይነሳል። የጃፓን ተመራማሪዎቹ ካዙኮ ያማጉቺ ሺኖዛኪና ካዙኦ ሺኖዛኪ የዚህን ጂን ፕሮሞተር ወስደው ጉስ ከሚባል ጂን ጋር አያያዙት። ጉስ ሲሠራ የተክሉ አካል በኬሚካል ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል። ከዚያ ፕሮሞተሩን እየቆረጡ አሳጠሩት። ይህን ያህል ስንቆርጥ አሁንም ለድርቅ ይመልሳል? ትንሽ ብንጨምርስ? በመጨረሻ ያለ እሱ ነገሩ የማይሠራ 9 ፊደል ላይ ደረሱ። ቲ-ኤ-ሲ-ሲ-ጂ-ኤ-ሲ-ኤ-ቲ። ውጤቱ የታተመው በ1994 ነው። በ1998 ደግሞ ይህን ቅደም ተከተል የሚይዙት ፕሮቲኖች ታወቁ፤ ድሬብ ተብለው ተሰየሙ።

የሚቀጥለውን በተለይ የዘር አሻሻዮች ልብ በሉልኝ። በ1999 ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን ሁልጊዜ እንዲመረት አድርገው ተክል ውስጥ አስገቡት። ተክሉ ድርቅና ብርድ ቻለ፤ ነገር ግን ቀጨጨ። ያንኑ ጂን ከአርዲ29ኤ ፕሮሞተር ጋር ሲያያይዙት፣ ማለትም ችግር ሲመጣ ብቻ እንዲነሳ ሲያደርጉት፣ መቀጨጩ በጣም ቀነሰ። ጂኑ ያው ነው። የተቀየረው ፊቱ ያለው ክፍል ነው።

እንግዲህ ድረ ገጽ ላይ ያሉት መሣሪያዎች እንዲህ ያለውን መረጃ ሰብስበው በነፃ የሚያቀርቡልን ናቸው። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ልለፍባቸው። ፕሌስ የጃፓኖች ነው። 469 ሞቲፎች አሉት፤ ከ2007 ወዲህ አልታደሰም። ፕላንትኬር የቤልጂየሞች ነው። እኛ አገር የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የማየው እሱን ነው። ፕላንትፓን የታይዋን ነው፤ እየታደሰ የሚሄድ ስለሆነ እኔ ከሁለቱ እሱን አስቀድማለሁ። ጃስፓር ደግሞ ሞቲፍን እንደ ቋሚ ቃል አይዝም። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የትኛው ፊደል በምን ያህል ብዛት እንደሚገኝ በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ፕሮቲን አንዲት ፊደል ስለተለወጠች ብቻ እንቢ አይልም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ከቃሉ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። በ2016 የወጣው ዳፕ ሴክ የተባለ ሥራ የ529 የአራቢዶፕሲስ ፕሮቲኖችን መያዣ ቦታ በአንድ ጊዜ ስላሳየ፣ ለዕፅዋት እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች በአንዴ በዙልን።

ሚም የሚባለው ለብቻው ይታያል። በ1994 ቲሞቲ ቤይሊና ቻርልስ ኤልካን ነበሩ ያቀረቡት። እሱ የታወቀ ሞቲፍ አይፈልግም። ብዙ ፕሮሞተሮች ስትሰጡት ከመካከላቸው በተደጋጋሚ የሚመጣውን ራሱ ያወጣል። አሁን ሚም ስዊት በሚል ስም ብዙ መሣሪያዎች አብረውት ይኖራሉ። ፊሞ የታወቀን ሞቲፍ ይፈልጋል። ቶምቶም ያገኛችሁት አዲስ ሞቲፍ ከታወቁት የትኛውን እንደሚመስል ይነግራል። ስትሪም ደግሞ ብዙ ፕሮሞተሮች ሲኖሩ ከሚም ይፈጥናል። የታወቀን መፈለግና አዲስ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ምን እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ መሣሪያ አትምረጡ።

መሣሪያውን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ትልቁ ጥፋት የሚሠራበት ቦታ አለ። እሱም ፕሮሞተሩን የምታወጡበት ነው።

የማሽላን የዕፅዋት ጂኖም ከሚቀመጥባቸው ድረ ገጾች፣ ከፋይቶዞም ወይም ከኢንሴምብል ፕላንትስ ታወጣላችሁ። የጤፍም ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዲኤንኤ ንባብ፣ አለን። በ2014 የፀደይ ዝርያ፣ በ2020 ደግሞ የዳቢ ዝርያ በጣም በተሻለ ጥራት ወጥቷል። ታዲያ ጂኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሚነበቡት ሁለት የዲኤንኤ ሰንሰለቶች በየትኛው ላይ እንዳለ አይታችኋል? በተቃራኒው ሰንሰለት ላይ ካለ ፊቱ የሚገኘው ቁጥሩ በሚጨምርበት በኩል ነው። የመነሻ ቁጥሩን ወስዶ 2000 የቀነሰ ሰው የጂኑን የራሱን ሆድ ወይም ጭራ ይዞ ነው የሚሄደው። ድረ ገጹ ግን አይቃወምም። የሰጣችሁትን ተቀብሎ ሞቲፍ ያወጣላችኋል፤ ሥዕሉም ያማረ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከየት ነው የቆጠራችሁት የሚለው ነው። ከፕሮቲኑ መጀመሪያ ነው ወይስ አርኤንኤ የሚባለው የጂኑ ቅጂ መቀዳት ከሚጀምርበት? በመካከል ወደ ፕሮቲን የማይተረጎም ረጅም ክፍል፣ አንዳንዴም ኢንትሮን የሚባል ከቅጂው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል ሊኖር ይችላል። እሱን እንደ ፕሮሞተር ከቆጠራችሁ ግማሹ ፍለጋችሁ ሌላ ቦታ ላይ ዋለ ማለት ነው። ቀጥሎ ጎረቤቱን እዩ። 2000 ፊደል ወደ ኋላ ስትሄዱ ሌላ ጂን ውስጥ ከገባችሁ እዚያ ላይ አቁሙ። ያልተነበበ ቦታን የሚያመለክቱ የኤን ፊደሎች ተደርድረው ከሆነም ያንን ጂን ለይታችሁ አስቀምጡት።

ተዘዋዋሪ ቁራጮችንም አትርሱ። የሣር ዝርያ የሆኑት ሰብሎቻችን ጂኖም በእነሱ የተሞላ ነው። ሳትሸፍኗቸው፣ ማለትም ከፍለጋው ሳታስወጧቸው፣ ለሚም ከሰጣችሁት፣ በአንደኝነት የሚያወጣላችሁ 40 እና 50 ፊደል የሚረዝም፣ የስታቲስቲክስ ቁጥሩም እጅግ ያማረ ሞቲፍ ነው። አትደሰቱ። የፕሮቲን መያዣ በተለምዶ እንዲህ አይረዝምም። የአንድ ተዘዋዋሪ ቁራጭ ብዙ ቅጂ ነው ያገኛችሁት። የጂ-ኤ ጂ-ኤ ድግግሞሽም እንዲሁ ይመጣል። እሱን ግን ሙሉ በሙሉ አትጣሉት፤ በዕፅዋት ውስጥ እነዚህን ድግግሞሾች የሚይዙ እውነተኛ ፕሮቲኖች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ረቂቅ ጽሑፎች አነባለሁ። አንድ ገጽ ሙሉ ሥዕል ይመጣል። ፕሮሞተሮቹ በመስመር ተደርድረው፣ ሞቲፎቹ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ሳጥን ተቀምጠዋል። ከሥሩ ደግሞ «ጂኖቹ ለድርቅ፣ ለብርድ፣ ለበሽታና ለብርሃን ምላሽ እንደሚሰጡ ያሳያል» ይላል። አያሳይም። ለምን እንደማያሳይ አብረን እናስላው።

ደብልዩ ቦክስ የሚባለውን እንውሰድ። በሽታ መከላከል ውስጥ ትልቅ ሥራ ያላቸው ወርኪ የሚባሉ ፕሮቲኖች የሚይዙት ነው። እምብርቱ ቲ-ጂ-ኤ-ሲ ነው፤ 4 ፊደል። ፊደሎቹ 4 ዓይነት ስለሆኑ አንድ ባለ 4 ፊደል ቃል በአማካይ በየ256 ቦታው በአጋጣሚ አንድ ጊዜ ይመጣል። ዲኤንኤ ሁለት ሰንሰለት አለው፤ ሁለቱንም ስንፈልግ በየ128 ይሆናል። በ1500 ፊደል ፕሮሞተር ውስጥ ስንት መጣ? ወደ 12። ምንም ሥራ ሳይኖራቸው፣ በአጋጣሚ ብቻ 12!

ቃሉን ብናረዝመውስ? ሙሉው ደብልዩ ቦክስ ቲ-ቲ-ጂ-ኤ-ሲ ብሎ መጨረሻው ላይ ሲ ወይም ቲ ነው። በሁለቱም ሰንሰለት ሲፈለግ በአጋጣሚ በየ1024 ፊደል አንድ ጊዜ ይገኛል። 1500 ፊደል ባለው ፕሮሞተር ውስጥ በአማካይ አንድ ተኩል ማለት ነው። 20 ጂን ካላችሁ ወደ 29 ደብልዩ ቦክስ ታገኛላችሁ። ከዚያ «ሁሉም ማለት ይቻላል ለበሽታ ምላሽ ይሰጣሉ» ተብሎ ይጻፋል።

መናኸሪያ መሃል ቆማችሁ «አበበ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው ይዞራል? የዞረ ሁሉ የእናንተ አበበ አይደለም።

በሰንጠረዥ የሚፈልገው ፊሞም ከዚህ አያመልጥም። ሳትነኩት የሚጠቀምበት የፒ ዋጋ፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ በአጋጣሚ ብቻ የመግጠም ዕድል ወሰን፣ 0.0001 ነው። ጥብቅ ይመስላል። 2000 ፊደል በሁለት ሰንሰለት 4000 ያህል መነሻ ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ሞቲፍ በአንድ ፕሮሞተር ላይ በአጋጣሚ 0.4 ጊዜ ያህል ይመጣል። ጃስፓር ለዕፅዋት ከ500 በላይ ሰንጠረዦች አሉት። 500ውን ብቻ ብትፈልጉ በአንድ ፕሮሞተር 200 ግጥምጥሞሽ ይመጣል። 30 ጂን ካላችሁ 6000 መስመር ኤክሴል ላይ ይዘረገፋል። ከዚያ መካከል ለርዕሳችሁ የሚስማማውን መርጦ ማውጣት ማንም ይችላል። ሳይንስ ግን አይደለም።

ስሌቱን ያቀለልኩት አራቱም ፊደሎች እኩል ይገኛሉ ብዬ ነው። እውነቱ እንዲያ አይደለም። የአራቢዶፕሲስ ፕሮሞተር ኤ እና ቲ ይበዛበታል። ሁለቱ ተደምረው ሁለት ሦስተኛውን ያዙ እንበል። ያኔ ቲ-ኤ-ቲ-ኤ-ኤ-ኤ የሚለው ከእኩሉ ስሌት ከ5 እጥፍ በላይ ይበዛል። የድሬብ መያዣ እምብርት ግን ሲ እና ጂ ስለሚበዙበት ወደ 4 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። የማሽላና የጤፍ ጂኖች መነሻ አካባቢ ደግሞ ሲ እና ጂ ከአራቢዶፕሲስ ይልቅ ይበዛሉ። ስለዚህ ለአንዱ ተክል የተሠራ ስሌት ለሌላው አይሆንም። ሚም ስዊት ውስጥ የጀርባ ሞዴል የሚባል፣ እያንዳንዱ ፊደል በተክሉ ውስጥ በምን ያህል ብዛት እንደሚገኝ የሚነግር ምርጫ አለ። ከራሳችሁ ተክል ፕሮሞተሮች አዘጋጅታችሁ ስጡት። ብዙ ሰው ነክቶት አያውቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱ ማወዳደር ነው። ለድርቅ የተነሱ 50 ጂኖች አሏችሁ እንበል። 35ቱ ውስጥ ሞቲፉ ተገኘ፤ 70 በመቶ። ደስ ይላል። አሁን ለድርቅ ምንም ያልመለሱ 1000 ጂኖች ከዚያው ተክል፣ ፕሮሞተራቸውን በዚያው ርዝመት፣ በዚያው መንገድ አውጡና ፈልጉ። 680ው ውስጥ ከተገኘ ምንም አላገኛችሁም። 300ው ውስጥ ብቻ ከተገኘ ግን የያዛችሁት ነገር አለ። የፊሸር ፈተና የሚባለው የስታቲስቲክስ ስሌት ልዩነቱ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉን በቁጥር ይሰጣችኋል። ብዙ ሞቲፍ ፈትሻችሁ ከሆነ ለዚያም ማስተካከያ አድርጉ። ይህን ለመሥራት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ማወዳደሪያ ደግሞ በእጃችን አለ። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ጤፍ ዘመዳሞች ናቸው። አንድ ሞቲፍ በአራቱም ተመሳሳይ ጂን ፊት፣ ለመነሻው በተቀራረበ ርቀት ላይ ተጠብቆ ከቆየ፣ ዝም ብሎ የቆየ አይመስለኝም። ጤፍ ላይ ደግሞ ሌላ ዕድል አለን። ጤፍ የሁለት ጥንታውያን ተክሎችን ጂኖም አዋህዶ የያዘ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከአንዱ ወገን፣ ሌላው ከሌላው። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ሴል ውስጥ፣ አንድ ማሳ ላይ፣ አንድ ድርቅ ነው የሚደርስባቸው። አንዱ ተነስቶ ሌላው ዝም ካለ፣ የፕሮሞተራቸው ልዩነት ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? ጤፉ የኛ፣ ድርቁ የኛ፣ ጂኖሙም ለሁሉም ክፍት ነው። ይህ ሥራ ከአዳማ፣ ከመልካሳ፣ ከደብረ ዘይት ቢወጣ እጅግ ደስ ይለኛል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን ላንሳ።

አንዲት እኅታችን ከኋላ ተነስታ፣ «የሩዙ ለውጥ 12 ሺህ፣ የበቆሎው 60 ሺህ ፊደል ርቆ ከተገኘ እኛ በ1500 እና በ2000 ፊደል ውስጥ መፈለጋችን ምን ይረባል?» አለች። ያዙልኝ ያልኩት ለዚሁ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ። ብዙዎቹ መያዣዎች ከጂኑ መነሻ አጠገብ ስለሚከማቹ በቅርቡ መጀመር ትክክል ነው። ግን «አላገኘሁም» ማለትና «የለም» ማለት የተለያዩ ናቸው። ርቀቱን ዝም ብሎ ወደ 60 ሺህ ማሳደግም መፍትሔ አይሆንም። ቅድም እንዳሰላነው የአጋጣሚው ብዛት ያጥለቀልቀናል። ዲኤንኤ በፕሮቲን ላይ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ክሮማቲን እንለዋለን፤ ሩቁን የሚያሳየው የተከፈተ ክሮማቲን መረጃ ነው። አታክ ሴክ የሚባለው ዘዴ ዲኤንኤው ለፕሮቲን ክፍት የሆነበትን ቦታ ይነግረናል። ፍለጋውን እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ብቻ ማድረግ ነው። ለበቆሎና ለማሽላ እንዲህ ያለ መረጃ ታትሞ በነፃ ይገኛል።

ሌላው ወንድማችን የኢንተርኔት ነገር አስቸገረን አለ። ተቋርጦ ሲመለስ የተላከው ሥራ ይጠፋል። እውነት ነው። ሚም ስዊት ሙሉው ወደ ራስ ኮምፒውተር ወርዶ ይሠራል፤ ሊኑክስ ካለ ጭነቱ ቀላል ነው። የጃስፓርም ሰንጠረዦች በአንድ ትንሽ ፋይል ይወርዳሉ። መብራት ባለበት ሰዓት አንድ ጊዜ አውርዱና ያለ ኢንተርኔት ሥሩ። ሌላም ጥቅም አለው። ድረ ገጹ ነገ ቢታደስ ወይም ቢዘጋ የእናንተ ሥራ በነበረበት መልክ ሊደገም ይችላል።

እሱ ይህን ሲያነሳ አንድ አማካሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ምን ምን ይጻፍ አሉ። እንዲህ አልኩ። የጂኖሙን ስሪት ጻፉ። ፕሮሞተሩን ከየት እንደቆጠራችሁና ስንት ፊደል እንደወሰዳችሁ ጻፉ። የሞቲፉን መለያ ቁጥር፣ የፒ ዋጋውን ወሰን፣ የጀርባ ሞዴሉን፣ ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ያነጻጸራችሁባቸውን ጂኖች ዝርዝር በአባሪ አያይዙ። ባለቀለሙ ሥዕል የግድ ይግባ ካላችሁ፣ ከጎኑ ለድርቅ ያልመለሱትን ጂኖች ሥዕል በዚያው ቀለም አስቀምጡት። ፈታኙ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ይፍረድ።